ተዝካሬ ከወጣ ወዲህ

ጎንደር፣ ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዐይንሽስ? ክረምቱ ሳይገባ የቤቱ ክዳን ተጠገነልሽ ወይስ ዘንድሮም እያፈሰሰብሽ ልትከርሚ ነው? እኔ ተዝካሬ ከወጣ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ለነፍሴ የጠመቃችሁት ጠላ ቀጥኖ ነበር ብለው ሰዎች አምተዋችኋል፤ በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ትርንጎ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለሆነች ቤት ለቤት ስትዞር ማንም ምን አመጣሽ አይላትም። ትርንጎ፣ እህቴ፣ አንድ ቃል ሳትዘይ አንብቢላት። ወንድሜ የሻው እቤት ካለም አታቋርጪ። ድምፅሽን ብቻ ከፍ አድርጊው።

እናቴ፣ ከቤት የወጣሁበትን ምክንያት ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም በእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂምና ልበለው። ሕግ ተምሬ በጨረስሁ በወሩ የሻው ለዳባቱ ባለ ወፍጮ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶ መጣ። አይሆንም አልሁት። ቃሌን ልታዋርጂው ነው አለኝ። ቃሉ ያንተ ነው፣ አካሉ የእኔ ነው አልሁት። አንቺ መደቡ ላይ ተቀምጠሽ የነጠላሽን ጫፍ ስታፍተለትዪ ነበር። ከአፍሽ አንድ ቃል አልወጣም። በማግሥቱ ሄድሁ፤ ሁለት ዓመትም አልተመለስሁም። አባቴ ሲሞት በስሜ የተመዘገበችውን ሁለት ጥማድ መሬት ግን አንቺ እያሳረስሽ እህሉን እንድትበይ ጽፌ ሰጥቼሽ ነበር። የሻው በዚያች መሬት ዳር ባለፈ ቁጥር ድንበሯን በዐይኑ እንደሚለካት ሳታዪ አልቀረሽም።

አሁን የሞትሁበትን ነገር ልንገርሽ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስምንት ወር ሠራሁ። ሥራዬ ባለጉዳይ ሲመጣ ፋይልህ የለም ማለት ነበር። ፋይሉ ፊት ለፊቴ ቢሆን እንኳ በመጀመሪያው ቀን አለ ማለት አይፈቀድም፤ አለቃዬ ሰው አታስለምጂ ይለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከጠዳ በየሳምንቱ እየመጡ ዓመት አለፋቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ልጃቸው መጣና፣ አባቴ አርፏል፣ ፋይሉን ዝጉልኝ አለ። አለቃዬ ቀና ሳይል፣ ባለጉዳዩ ራሱ ካልቀረበ መዝጋት አንችልም አለው። ልጁ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። አለቃዬ ግን አልቀለደም። በማግሥቱ ሥራውን ለቀቅሁና በወሩ አንድ ድርሰት ጻፍሁ።

ስሙን «ወዲያኛው መሥሪያ ቤት» አልሁት። ሰው ሞቶ ሲሄድ የሚደርሰው ቢሮ ነው። ወረፋ አለ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። ስለ መሞትህ ከቀበሌህ ደብዳቤ አምጣ ይባላል። ጸሐፊው ራሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ስለማያውቅ ግን መሞቱን ልብ አላለም። የነፍስ ክፍል ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። አርብ አርብ ግምገማ አለ፤ አንዱ ሠራተኛ ሰውየውን ሊያመጣ በሰዓቱ ባለመድረሱ ሂስ ይወርድበታል፣ ሰውየው ሦስት ዓመት በትርፍ ኖሯልና። አትደንግጪ፣ ጻድቃንን አልነካሁም፤ መልአክም የለበትም። ያሉት የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ናቸው።

ድርሰቱን በካሜራ የምትቀርጸው ዐዚዛ ናት፤ ጓደኛዬ። ቤተሰቦቿ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው፤ አባቷ አራዳ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው በላይ ያለውን መጋዘን ሰጡን። ጣቃውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ሁለት ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ አስገባንና ሰማይ ቤት አደረግነው። የዐዚዛ አባት፣ ሰማይ ቤት እንዲህ አቧራ ከሆነ ሶላቴን ልቀንስ መሰለኝ ይሉ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ አሥር ደቂቃ የምትሆን ክፍል ዩቲዩብ ላይ እንለቃለን። ሰው በስልኩ እያየ ይስቃል። ጎንደር ከተማ ባለጉዳይን ያመላለሰ ሁሉ ራሱን አየበት። በሰባተኛው ክፍል አንዲት ሴት ትመጣለች። ጸሐፊው፣ መሞትሽን በምን አውቃለሁ ይላታል። እሷም ቀብሬ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አለኝ ብላ ስልኳን ታወጣለች።

እንግዲህ ያንን ለቅሶ መቅረጽ ነበረብን።

የውሸት እንዳይመስል ብለን አልቃሿን እማማ ይርገዱን ጠራን። እማማ ይርገዱ ሙሾ ሲያወጡ አይተሽ ቢሆን ሟቹን ባታውቂውም ደረትሽን ትመቺ ነበር። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሟቿ ማን ናት አሉ። ማንም አይደለችም፣ ድርሰት ናት አልናቸው። ለማንም አላለቅስም አሉ። ስም የሌላት ሬሳ እንባ አታመጣልኝም፤ ስሟን፣ አገሯን፣ እናቷን፣ ምን ሳታይ እንደሄደች ንገሩኝ፣ ያለዚያ ፈልጉ ሌላ አሉ። ዐዚዛ፣ ፈህሚያ ይበሏት፣ ያክስቴ ልጅ ናት፣ እሷን ያልቅሱልኝ ብላ ቀለደች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ለመሄድ ብድግ አሉ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እየሸሸ ነበር። ጣቃው እንዳይታይ ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ድንኳን ከዕድር የተዋስነው ለአንድ ቀን ነው። ቸኮልሁ። የራሴን ስም ሰጠኋቸው። እናኑ ይበሏት አልሁ፤ አገሯ ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፣ አባቷ በሕይወት የለም፣ ሕግ ተምራለች፣ አልተዳረችም። ያንቺንም ስም ነገርኋቸው። የሟች ፎቶ ስላልነበረን የምረቃ ፎቶዬን በፍሬም አድርገን አቆምነው።

እማማ ይርገዱ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠሩትና እንዲህ አወረዱት፦

የልጅቱ እናት ውጪ ከመንገድ ዳር፣
ልጅሽ ትመጣለች ከአራት ወንዶች ጋር።

የዐዚዛ እናት ከታች ከሱቁ እየሮጡ ወጡ፤ ማን ሞተብን እያሉ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ቆሜ ነበር። የገዛ ለቅሶዬን በቁሜ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በሻሽ አፈንሁት፤ ግማሹ ግን ወጥቷል። ስናየው ዐዚዛ፣ ድምፁን አናጥፋው፣ ስትንሰቀሰቅ የታፈነች ዘመድ ነው የምትመስዪው አለች። ተውነው።

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ስልክ የሚጠግኑት ሰዎች ዘፈንና ቪዲዮ በሚሞሪ እየጫኑ ይሸጣሉ። ኢንተርኔቱ በሆነ ባልሆነው በሚዘጋበት አገር ነገር የሚደርሰው በዚያ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ቢሮው ተቆርጦ ቀረ፤ ጸሐፊው ቀረ፤ ቀልዱ በሙሉ ቀረ። የእማማ ይርገዱ ለቅሶ ብቻ፣ ሦስት ደቂቃ ሆኖ፣ ከነስሜና ከነፎቶዬ ወደ ወገራ ወጣ። ይህን ቪዲዮ አይተው ነው ሽማግሌዎቹ ኅዳር ላይ ጎሕ ሲቀድ ደጅሽ መጥተው መርዶ የነገሩሽ። ደውሎ የጠየቀኝ የለም። ለመርዶ ስልክ አይደወልም፣ ነውር ነው፤ ቁጥሬም ያለው የሻው ዘንድ ብቻ ነበር።

እዚህ ድረስ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ስምሽን ለለቅሶ አሳልፌ ሰጥቻለሁና ይቅር በይኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ አይደለም።

በመርዶው በአራተኛው ቀን የሻው ጎንደር መጣ። መርዶውን እኔ አላውቅም፣ ልብ በዪ። ጠይቆ ጠይቆ የዐዚዛ አባት ሱቅ ደረሰና ደረጃውን ወጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ራሱን ተላጭቷል። በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። ሲያየኝ መቃኑን ይዞ ቆመ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳበሰው። አለቀሰ። እናቴ፣ እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህን አልክድበትም። ሁለት ዓመት የተኳረፍነው ዛሬ ቀለጠ ብዬ እኔም አለቀስሁ። ማን ሞቶብን ነው አልሁት። መስኮት መስኮቱን አየና፣ ያጎታችን ሚስት አለኝ። ነፍሷን ይማር፣ አንተንም ያጽናህ አልሁት። አሜን አለ።

ሽሮ አበላሁት። ስላንቺ ጠየቅሁት፤ ደህና ናት አለ። ሲሄድ ከደረጃው ግርጌ ዞር ብሎ፣ ያችን መሬት ግን ምነው ብትለቂልኝ አለ። አንተ መቼም አመልህ አይለቅህም አልሁት፤ እየሳቅሁ። እሱም ሳቀ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ሲሳፈር ሕያው ነበርሁ። ሲወርድ፣ መቃብሯን አይቼ መጣሁ፣ ጓደኞቿ ቀብረዋታል፣ ሬሳ ማንሣት አይቻልም አላችሁ።

የሰማሁት መጋቢት ላይ ነው። መናኸሪያ ዕቃ ልቀበል ቆሜ ጎረቤታችንን አያ ላቀውን አየኋቸውና ተጣራሁ። ዞረው አዩኝ፣ አማተቡ፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና መንገድ ጀመሩ። ሮጬ ያዝኋቸው። አያ ላቀው፣ እኔ ነኝ አልኋቸው። የትኛዋ እኔ አሉኝ። እጄን ጨብጠው፣ መጭመቄን አይተው፣ ጥላዬን አይተው ነው የተረጋጉት። ከዚያ በኋላ ነገሩኝ፤ መርዶውን፣ አርባውን፣ ተዝካሩን። ተዝካርሽ ሸጋ ነበር፣ ካህናቱም አልጎደሉ፣ ጠላው ብቻ ቀጠነ አሉኝ። የዳባቱ ባለ ወፍጮም ከነዘመዶቹ መጥቶ፣ ከሞተች ወዲያ ቂም የለንም፣ ይቅር ብለናል ብሎ እንደሄደ አጫወቱኝ። እሳቸውን ማጽናናት በእኔ ላይ ወደቀ፤ በእንባ ነው የተለያየነው።

በማግሥቱ ወደ ወገራ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ነው። መዝገቡ ላይ ስሜ ተሰርዟል፤ ከጎኑ «ሟች» ተጽፏል፤ ከሥሩ የሻው ወራሽ ተብሏል። ሦስት ሰዎች መስክረዋል። ቪዲዮውም በማስረጃነት ታይቷል። እናቴ፣ በእኔ ድርሰት ውስጥ ያ ሰነፍ ጸሐፊ ያንኑ ቪዲዮ አይቶ፣ ይህ አይበቃም፣ ከዕድርሽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪ ብሎ ሴትዮዋን መልሷታል። ከአገሬ ሽማግሌዎች እኔ የፈጠርሁት ሰነፍ ይሻላል። መታወቂያዬን ለሰብሳቢው ሰጠሁት። አገላብጦ አየና፣ ይሄ እኮ ከመሞትሽ በፊት የወጣ ነው አለኝ። ቆሜ አይደለም ወይ የማናግርህ አልሁት። መቆምሽንማ አልካድሁም፣ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ተይዟል አለ። ይህን እኔ ጽፌው ቢሆን ዐዚዛ አበዛሽው ትለኝ ነበር።

ከዚያ ወዳንቺ መጣሁ። የሻው ወሬው ቀድሞኝ ደርሶት ኖሮ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ጠበቀኝ። አልደነገጠም፣ አልማለም። ልቧ ታማለች፣ ድንገት ብታይሽ ትሞትብናለች፣ ከዚያ ወዲያ ገዳይዋ አንቺ ነሽ አለኝ። ለምዳዋለች፣ ተያት አለ። አንተ ወንድሜ ነህ ወይ አልሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣሽም፣ ከሞተ ሰው በምን ትለዪ ነበር አለኝ። መቼም ያመመኝ ይኸኛው ነው፤ ትንሽ እውነት አለበት። ከጉብታው ላይ ቁልቁል አየሁሽ። ደጅ ላይ ገብስ ታሰጫለሽ። ነጭ ነበር የለበስሽው። ከነጩ በላይ ጥቁር አልነበረም። ቆሜ አየሁሽ፣ ተመልሼ ወረድሁ።

ነጩ ነገር ግን አላስተኛኝም። ትርንጎ ጎንደር ለሥልጠና ስትመጣ ጠየቅኋት። የነገረችኝን ራሷ ታነብልሻለች።

በመርዶው ቀን ቪዲዮውን አሳዩኝ አልሽ አሉ። ዐይንሽ አጥርቶ ስለማያይ ስልኩን ጆሮሽ ላይ አደረግሽው። ሁለት ጊዜ አሰሙሽ። ሦስተኛ አሰሙኝ ብለሽ ሙሾው አልቆ ያች የታፈነች ዘመድ ስትንሰቀሰቅ፣ በቃ፣ ዝጉት አልሽ። ከዚያ በኋላ አላለቀስሽም። ጥቁር አምጥተውልሽ አልለበስሽም። ሰው ሁሉ ጽኑ ናት አለሽ። የሻውን ጎንደር የላክሽው አንቺ ነሽ፤ ሬሳዋን አምጣልኝ አላልሽም፣ ሂድና እያት ነው ያልሽው። ተመልሶ የመቃብሩን ነገር ሲያወራ እስኪጨርስ ሰማሽውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽው፤ ከስታለች ወይ አልሽ። ሴቶቹ ሐዘን አእምሮዋን ነካት ብለው አለቀሱልሽ። የሻው አልከሳችም አለሽ።

ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ አዝናልሽ ነበር። እኔ ግን ያን የታፈነ ሳቄን ለይተሽው እንደሆነ ገባኝ። ትርንጎ፣ እዚህ ላይ አትቁሚ፣ ቀጥዪ።

ባለ ወፍጮው ቂሙን ትቷልና በመሞቴ ተገላገለች ብሎ ያሰበልኝ ሰው ይኖር ይሆናል። የሄደችው ትሂድ፣ አብሮኝ ያለው ልጅ ይሻላል ያለም ሊኖር ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሁለቱንም ግን አልተጠየቅሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ክስ መሥርቻለሁ። ጠበቃ አልያዝሁም፤ የምከራከረው እኔው ነኝ። ፍርድ ቤቱ አንቺን በምስክርነት ጠርቷል፤ መጥሪያው በዚህ ሰሞን ይደርስሻል። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰኔ 14 ነው። ዳኛዋ የምትጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ የቆመችው ልጅሽ ናት ወይ ትልሻለች። ናት ካልሽ የሻው በሐሰት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ሊታሰርም ይችላል። ክረምቱን ማን ያርስልሻል፣ ማን ደጅሽን ይከፍትልሻል፣ ይህን አስቤዋለሁ። አይደለችም ካልሽ ደግሞ በዚህ አገር እናኑ የምትባል ሴት የለችም፤ እኔም የእሷን ፎቶ ይዤ የምዞር አጭበርባሪ ነኝ።

ካሸነፍሁ መሬቷን እተዋታለሁ ብለሽ አትጠብቂ። አልተዋትም። እህሉ እንደ ድሮው ያንቺ ነው።

የሻው ሳያስጠናሽ አይቀርም። ዐይኔ ስለደከመ አልለየኋትም በዪ ይልሽ ይሆናል። ለእሱም ለእኔም የሚበቃ፣ ማንንም የማያስር መልስ ይመስላል። እናቴ፣ እሱን አትበዪ። ዝም ማለትም ይቅርብሽ፤ ዝምታሽን በመደቡ ላይ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልችለውም። ፊትሽ ድረስ እቀርባለሁ፣ ከፈለግሽ እጄን ትይዢኛለሽ። የምትክጂኝ ከሆነ አይተሽ ካጂኝ።

በረዶ ገብስሽን አያግኘው። የክረምቱ ብርድ ጉልበትሽን ይለፈው። የማርያም ምርኩዝ ይደግፍሽ፤ ያን ቀን መንገዱ ጭቃ ነውና ትርንጎ እጅሽን ይዛ ታምጣሽ። ለአያ ላቀው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሻውን ሳሚልኝ አልልሽም።

እስከ ሰኔ 14 ድረስ፣

ልጅሽ